የደንባር ጉብኝት፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት

ከፕሮግራም ኮሚቴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን አነበብኩት፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ስለ ዋሽንግተን ዲሲው ታሪካዊ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ልጆቹን ደንባር ሃይስኩል እናስጎበኛለን» ማለት ብቻውን አይበቃም። የ1916ቱ ሕንፃ ፈርሷል፣ አሁን ያለው በ2013 የተከፈተ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ከኤም ስትሪት፣ ትምህርት ቤቱ ደንባር ከመባሉ በፊት ከነበረበት ሕንፃ፣ እንጀምር ባይ ነኝ። ትምህርት ቤቱ በ1870 በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተጀመረ፣ በአሜሪካ ለጥቁሮች የመጀመሪያው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ነው። በ1891 ኤም ስትሪት ላይ የገባበት ቀይ የጡብ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል።

ልጆቹ የአስተማሪዎቹን ነገር ይዘው እንዲወጡ እፈልጋለሁ። ያኔ ዶክትሬት የያዘን ጥቁር ምሁር የነጮች ዩኒቨርሲቲ አይቀጥረውም፣ ዲሲ ደግሞ ለጥቁርና ለነጭ መምህር እኩል ደመወዝ ይከፍል ስለነበር ምሁራኑ ወደዚህ ሃይስኩል መጡ። በ1921 ዶክትሬት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ሁለቱ፣ ኢቫ ዳይክስና ጆርጂያና ሲምፕሰን፣ እዚሁ አስተምረዋል። አና ጁሊያ ኩፐርን አስቡ። በባርነት ተወልደው በ1902 ርእሰ መምህርት ሆኑ። «ለጥቁር ልጅ የእጅ ሙያ ይበቃዋል» የሚሉትን እምቢ ብለው ላቲን አስተማሩ፣ ተማሪዎቻቸውን ሃርቫርድ ድረስ አስገቡ። በ1906 ከኃላፊነት ተነሡ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው እዚያው አስተማሩ፣ በ1925 ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ከፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ።

ከወላጆች አንዷ፦
ጋሼ፣ በኤም ስትሪት እስማማለሁ። ግን አዲሱን ሕንፃም አንተወው። ወለሉ ላይ የታወቁ ተመራቂዎች ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች አሉ፣ ለወደፊት ተመራቂዎች ባዶ የተተዉም አሉበት፤ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም። አርምስትሮንግም ይጨመር፣ እዚያው ሰፈር ነው። በ1902 የተከፈተ የሙያ ትምህርት ቤት ሲሆን የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን የተማረው እዚያ ነው። ደንባርን ብቻ ካወራን ሃርቫርድ ያልገባ ልጅ ታሪክ የሌለው ይመስላል፣ ይሄ ለልጆቻችን ጥሩ አይደለም።

ሌላው የሚያሳስበኝ፣ «ጥቁርና ነጭ ተለያይተው ሲማሩ ይሻል ነበር» የሚል ስሜት ይዘው እንዳይመለሱ ነው። የኤም ስትሪት ተመራቂው ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ዕድሜውን ሙሉ የታገለው የዘር መድሎን በሕግ ለማፍረስ ነው። በዲሲ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ተማሪ መለየቱን የተቃወመውን ክስ የጀመረው እሱ ነበር። ሲታመም ሌላው ጠበቃ ጄምስ ናብሪት ተረከበው፣ በ1954 አሸነፉ። እኛ ዛሬ ልጆቻችንን በፈለግነው ትምህርት ቤት የምናስመዘግበው በእነሱ ሙግት ነው። ይህን በግልጽ እንጻፈው።

ጸሐፊ፦
ሁለቱንም አስገብቻለሁ። ጉዞው ከኤም ስትሪት ወደ ደንባር፣ ከዚያ ወደ አርምስትሮንግ፣ መጨረሻው ናይንዝ ስትሪት ይሆናል፣ ሁሉም በእግር ይደረሳል። ናይንዝ ላይ ያልኩት ለምሳ ብቻ አይደለም። ኤም ስትሪት ያስተማረውና በ1926 የጥቁሮችን የታሪክ ሳምንት የጀመረው ካርተር ዉድሰን ቤቱ እዚያ ነው፣ ከምንበላባቸው ምግብ ቤቶች ጥቂት ብሎክ አልፎ። ስንቶቻችን በደጁ አልፈን አላየነውም።

አንድ የጨመርኩት አለ። ተናጋሪዎቹ እኛ አንሁን። የደንባርና የአርምስትሮንግ የቀድሞ ተማሪዎች ራሳቸው ይንገሩ፣ ለጊዜያቸውም በጀት ይያዝ። አሁን ያለው በጀት የአውቶቡስና የምሳ ብቻ ስለሆነ ገንዘብ ያዡ ይህን አይቶ ይመልስልን፣ ሐሳቡን ለቦርዱ የምናቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።