ክርክር፦ የቻይና መርፌ «ከምንም ይሻላል»?

የአላሙራዋ፦
ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ በሬዲዮ የሰማሁትን ልንገራችሁና ፍረዱ። አንድ እንግዳ ስለ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ስለ ቻይና መርፌ፣ ሲያወራ «መርፌው የተዘጋውን ነርቭ ይከፍተዋል፣ የወጣ ዲስክም ወደ ቦታው ይመልሳል» አለ። ዲስክ ያለው በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለውን ትራስ ነው። ጋዜጠኛው አንዲት ጥያቄ አልጠየቀውም። «እናመሰግናለን ዶክተር» ብሎ ዘፈን ለቀቀ። ባሌ ወገቡን ካመመው 2 ዓመት ሆኖታል። እሱም ሰምቶት ኖሮ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዟል። ነርቭ የውሃ ቧንቧ ነው እንዴ የሚዘጋውና የሚከፈተው?

ወገቤ ምስክሬ፦
እህቴ ተረጋጊ። እኔ 8 ጊዜ ተወግቻለሁ። ነርቭ ይክፈት ቧንቧ ይክፈት አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ካልሲ ማድረግ አልችልም ነበር፣ አሁን አደርጋለሁ። ምንም ባይሆን እንኳ ከምንም ይሻላል።

ፊዚዮው፦
«ከምንም ይሻላል»! እቺን ቃል ያዙልኝ። ዝም ብሎ ከመተኛት ታቦር ተራራ ወጥቶ መውረድም ይሻላል። ጀርመኖች ይህንኑ ለክተውታል። በ2007 የወጣ ጥናት ነው፣ ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ የታመሙ 1162 ሰዎች ላይ። አንዱ ቡድን እውነተኛውን መርፌ ተወጋ። ሁለተኛው የውሸቱን፣ ማለትም ቻይኖቹ ይወጋ በሚሉት ነጥብ ሳይሆን ሌላ ቦታ፣ ላይ ላዩን። ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና አገኘ። ከ6 ወር በኋላ የተሻላቸው ስንት ናቸው? 47.6፣ 44.2 እና 27.4 በመቶ። የት ይወጋ የሚለው የዚያ ሁሉ የነጥብና የመስመር ካርታ ትርፍ 3.4 በመቶ ናት።

ወገቤ ምስክሬ፦
ቆይ ቆይ። ሦስተኛው ቡድን «የተለመደው ሕክምና» ያልከው ምንድነው? ክኒንና የአንተ ፊዚዮቴራፒ አይደለም? 27 ያመጣኸው አንተ ነህ እኮ! የራስህ ግብ ላይ አገባህ።

የፒያሳ ልጅ፦
ጎል!!! 😂

ፊዚዮው፦
ሳቁ። ሦስተኛው ቡድን መርፌ እንዳልደረሰው ያውቃል። ሌሎቹ ሁለቱ ተወግተናል ብለው ተስፋ አድርገዋል። የተለካው ተስፋ ነው።

ወገቤ ምስክሬ፦
ተስፋ ካልሲ ካስደረገኝ ተስፋዬን እገዛለሁ። ምን አገባህ?

ፊዚዮው፦
የሚያገባኝማ፣ ተስፋህን በሳምንት አስቤዛ ዋጋ ሲሸጡልህ ነው።

ኮአርተም፦
ቻይናን የምትንቁ ሰዎች፣ ሀዋሳ ላይ ወባ ሲይዛችሁ ምንድነው የምትውጡት? አርቴሚሲኒን ከቻይና ቅጠል የወጣ ነው። ቱ ዩዩ የምትባል ሴት የድሮ የቻይና መጽሐፍ አገላብጣ አግኝታው በ2015 ኖቤል ወስዳበታለች።

ፊዚዮው፦
ቱ ዩዩ ቅጠሉን ላብራቶሪ አስገብታ የሚሠራውን ነጥላ አወጣች። ከዚያ መድኃኒቱ ተለካ። መርፌውም ተለካ፣ ውጤቱን ነገርኳችሁ። ፈተናውን አንዱ አልፏል፣ ሌላው ወድቋል፤ ሁለቱን አብራችሁ አታስመርቁ።

የታቦሩ፦
እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። አያቴ ዋግምት ስታደርግ «ኋላ ቀር» ተባለች። ወጌሻ ጋ ስንሄድ «አጥንታችሁን ያበላሻል» ተባልን። መርፌው ከቤጂንግ ሲመጣ ግን ክሊኒክ ይከፈትለታል፣ ሬዲዮ ይጋበዛል። ዋግምትንም ቻይኖቹ ይሠሩታል እኮ! ብርጭቆ ስለሆነ ነው ዘመናዊ የሆነው?

የፒያሳ ልጅ፦
የአያትህ ዋግምት በቀንድና በምላጭ ነበር ወንድሜ። ምላጩ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ነው።

የታቦሩ፦
አያቴን ተዋት።

ሲስተር፦
ሁለታችሁም ተዉ። የአላሙራዋ፣ ባልሽ ሐሙስ ከሄደ የሚያጋጥመውን ልንገርሽ። መርፌው የክትባት መርፌ አይደለም። ክፍት ቀዳዳ የለውም፣ መድኃኒትም አይገባበትም። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ እኛ ጡንቻ ላይ ከምንወጋበት በጣም ይቀጥናል። መጀመሪያ ብዙ ይጠይቁታል፤ እንቅልፍ፣ ሆድ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ። በቻይናው መንገድ የተማሩት ምላሱን ያያሉ፣ በሁለቱም እጁ የደም ሥሩን ይዳስሳሉ። ከዚያ አስተኝተው ይወጉታል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መርፌው እዚያው ይቆያል። ወገቡን ቢያመውም እግሩና እጁ ላይ ሊወጋ ይችላል፣ አይደንግጥ።
ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ አስቀድሞ ይናገር። መርፌው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሽጉ ዓይኑ እያየ ይከፈት። «ቀቅለነዋል» ካሉት ተነስቶ ይውጣ፣ ሄፓታይተስ ቀልድ አያውቅም። ደግሞ እግሩ ከዛለ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ለሐሙስ አይጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

እታለም፦
ሲስቱ አንድ ረሳሽ። ባዶ ሆድ አይሂድ! እኔ በፍልሰታ ጾም እህል ሳልቀምስ ሄጄ ገና ሦስተኛው መርፌ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅለውት ስኳር በውሃ ያጠጡኛል። ጾሜን በስኳር ፈታሁት።

የአላሙራዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ግን ያማል ወይስ አያምም?

ወገቤ ምስክሬ፦
እኔ ልንገርሽ። በደረትሽ ትተኛለሽ። ልጅቷ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ቆዳሽ ላይ ታቆምና መርፌውን በጣቷ ጠቅ ታደርገዋለች። መግባቱን እንደ ትንኝ ነው የምትሰሚው። ከዚያ ትንሽ ስታዞረው አንድ ነገር ይመጣል። ሕመም አይባልም። ክብድ ይላል፣ ድንዝዝ ያደርጋል፣ እግሬ ድረስ ወረረኝ። «መጣ?» ትላለች። «መጣ» ስላት ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። 14 ተወጋሁ። ፊቴን አልጋው ቀዳዳ ውስጥ ቀብሬ ውጭ ባጃጆቹ ሲጣሉ እሰማ ነበር፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቤቴ ስገባ ድካም ድካም አለኝ፣ በማግስቱ ቀለል አለኝ። አንዲት ነገር ብቻ፣ ስታወጣ ሳህኑ ላይ ሲጣሉ ቆጠርኩ። 13።

የፒያሳ ልጅ፦
አሥራ አራተኛዋስ???

ላብራቶሪ፦
እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ የለም፣ ሁላችሁም ትጮኻላችሁ። ቻይኖቹ ቺ የሚባል ኃይል በመስመር ይፈሳል ይላሉ፣ የተመዘገቡት ነጥቦች 361 ናቸው። ሰውነት ተከፍቶ ሲታይ መስመሩ የለም። ነርቭ ግን አለ። መርፌው ቆዳና ጡንቻ ውስጥ ያለውን ነርቭ ይቀሰቅሳል፣ አንጎልም የራሱን ማስታገሻ ኢንዶርፊን ይለቃል። በ1970ዎቹ ናሎክሶን የሚባለውን የሞርፊን ማክሸፊያ ሰጥተው ሲሞክሩ የመርፌው ማስታገስ ቀነሰ። ስለዚህ ባዶ ተስፋ አይደለም።

ፊዚዮው፦
ግማሹን ነገርካቸው። እዚያው ዘመን ባዶ መድኃኒት ሰጥተዋቸው ሕመማቸው ጋብ ያለላቸው ሰዎችም ናሎክሶን ሲሰጣቸው ማስታገሱ ቀንሷል። ተስፋም ኢንዶርፊን ያስለቅቃል ማለት ነው። ተመለስን ወደ «ከምንም ይሻላል»።

ኮአርተም፦
በ1971 ታዲያ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቤጂንግ ላይ በመርፌ ብቻ ሆዱ ተከፍቶ ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለት የለም? ያለ ማደንዘዣ! ይሄም ተስፋ ነው?

ፊዚዮው፦
ጄምስ ሬስተን ነው። ራሱ ነው የጻፈው፣ በተለመደው የማደንዘዣ መርፌ ነው የተቀደደው። አኩፓንክቸሩ የመጣው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆዱ ሲያስጨንቀው ነው። ይህን ተረት ስንት ዓመት ትሸጡታላችሁ?

ወገቤ ምስክሬ፦
አንተ ሁሉን ታውቃለህ፣ አሜሪካን አስተምራት እንግዲህ። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥታቸው የአረጋውያን የጤና መድን ከ2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን እስከ 12 ጊዜ ይከፍላል። ሞኝ ናቸው?

ፊዚዮው፦
የእንግሊዞቹ የሕክምና መመሪያ ደግሞ በ2016 ለወገብ አትስጡ ብሏል። የአንዱን ብቻ አትጥቀስ።

ሲስተር፦
እነዚያው እንግሊዞች በ2021 ምክንያቱ በውል ላልታወቀ የቆየ ሕመም ሊታሰብ ይችላል ብለዋል። ለማይግሬንም ይፈቅዳሉ። አንተም የአንዱን ብቻ አትጥቀስ።

የፒያሳ ልጅ፦
2-1 😂 አሥራ አራተኛዋ መርፌ የት ናት ግን?

የአላሙራዋ፦
እኔ የጠየቅሁት ዲስክ ይመልሳል ወይ ነው! ማንም አልመለሰልኝም።

ፊዚዮው፦
አይመልስም። ዲስኩ ነርቭን ይጫነዋል እንጂ አይዘጋውም፣ መርፌም ዲስክ አይገፋም። የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይሟሽሻል። በዚያ ሰሞን የወጋህ ሰው ምስጋናውን ይወስዳል።

ወገቤ ምስክሬ፦
ወይም ያሸህ ሰው።

ፊዚዮው፦
ወይም ያሸህ ሰው። እሺ። ይሄን ሰጥቼሃለሁ።

የታቦሩ፦
ወይም አያቴ።

የአላሙራዋ፦
ባሌ ይህን ሁሉ አነበብኩለት። «አየሽ፣ ከምንም ይሻላል ብለዋል» አለኝ። ሐሙስ ይሄዳል። ቁርስ አብልቼ እልከዋለሁ።

ፊዚዮው፦
ከዚህ ሁሉ የሰማው እሷን ብቻ?!

እታለም፦
ሰፋ ያለ ሱሪ ያድርግ፣ እስከ ጉልበት የሚጠቀለል።

የፒያሳ ልጅ፦
ሰዎች፣ በእናታችሁ፣ አሥራ አራተኛዋ!

ወገቤ ምስክሬ፦
ካልሲዬ ውስጥ። ቤት ገብቼ ሳወልቅ ወጋችኝ።

ሲስተር፦
የት ጣልካት? ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እንዳትለኝ፣ ልጆች ይነካሉ።

ወገቤ ምስክሬ፦
አልጣልኳትም። በብልቃጥ ውስጥ ከድኛት አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዤያት ሄጄ አስቆጥራታለሁ።