ክርክር፦ በክረምት የጣና ገባር ወንዞች አፍ ለመረብ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?

አወያይ፦ ነጭ ዓሣ የሚባለው የባርበስ ወገን በክረምት ከጣና እየወጣ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ድርማንና ግልገል ዓባይን ተከትሎ ሽቅብ ይሄዳል፤ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል። ወቅቱ በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። በእነዚህ ወራት የወንዞቹ አፍ ለማንኛውም መረብ ይዘጋ የሚሉ አሉ። የአስጋሪውን እንጀራ መንጠቅ ነው ብለው የሚቃወሙም አሉ። ምክንያት ያለው ይናገር።

የዓሣ ባለሙያ፦ ይዘጋ። ወንዙ መሙላት ሲጀምር ነጭ ዓሣ መጀመሪያ አፉ ላይ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሽቅብ ይወጣል። እንቁላሉን የሚጥለው ግን በዋናው ወንዝ ጭቃ ላይ አይደለም። ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ገብቶ ውሃው ስስና ፈጣን የሆነበት፣ ታቹ ንጹሕ ጠጠር የሆነበት ቦታ ይመርጣል። እንቁላሉ ጠጠሩ መሃል ገብቶ የሚፈሰው ውሃ አየር ያቀብለዋል፤ ደለል ከተኛበት ታፍኖ ይሞታል። እንግዲህ በሐይቁ ሁሉ ተበትኖ የከረመው ዓሣ በአንድ ወቅት በጥቂት በሮች ያልፋል ማለት ነው። እዚያ በር ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መረብ የሚይዘው ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ እናት ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ የገቡት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነው። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ በሐይቁ ደቡብ የተደረገው ክትትል ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያም ብሰው ተመናምነዋል።

አስጋሪ ከጎርጎራ በኩል፦ ወንድሜ፣ ስለ ዓሣው ያልከው እውነት ነው። ስለ ሰውየውስ? በክረምት ከሰዓት በኋላ ማዕበልና መብረቅ ስለሚነሣ በደንገል ታንኳ ሐይቁ መሃል መውጣት ሕይወትን መሸጥ ነው። የሚቀረው ዳር ዳሩና የወንዙ አፍ ነው። ደግሞ ውሃው ሲደፈርስ ዓሣው መረቡን ስለማያየው መረብ በደንብ የሚይዘው ያኔ ነው። መንጠቆ ለአምባዛ ካልሆነ አይረባም፤ አምባዛ በጢሙ እየዳሰሰ፣ በማሽተት እየተመራ ስለሚበላ ድፍርሱ አይከለክለውም። ሞተር ያለው ርቆ ይሠራል። ብትዘጉት የሚራበው ባለ ታንኳው ብቻ ነው።

የዓሣ አቅራቢ፦ ፍልሰታን አትርሱ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው፤ ገበያው ግን ይጨምራል። መዝጊያው ልክ እዚያ ላይ ይወድቃል።

የዓሣ ባለሙያ፦ ገበያው የሚፈልገው ቆሮሶን (ቲላፒያን) ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ ወንዝ አይወጣም። ወንዱ ዳር ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፣ ሴቷ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። ስለዚህ የወንዝ አፍ መዘጋት ለፍልሰታ ቆሮሶ አያሳጣም። በክረምት የሚያከስረው ሌላ ነው። ፀሐይ ስለሌለ ዓሣው ሳይደርቅ ይተላል፤ ወደ ሱዳን ለሚሄደው ደረቅ ዓሣ ክረምት ክፉ ጊዜ ነው። ወዲያው ሆዱንና ስንጥቡን አውጥቶ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ በአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ማድረግ ያስፈልጋል። በረዶ ከሌለ ሥጋውን ሰንጥቆ ለሦስት ኪሎ አንድ ኪሎ ገደማ ጨው። ደጅ ላይ፣ ዝናብ በሚመታው ድንጋይ ላይ ማስጣት ግን ዓሣውንም ጨውንም መጣል ነው።

የፎገራ ገበሬ፦ ሁላችሁም መረብ መረብ ትላላችሁ። ጠጠሩን በመኪና እየጫነ የሚያወጣውስ? ዓሣው ሽቅብ ቢደርስ እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር የለም። ከተራራው የተሸረሸረው አፈር ደግሞ የቀረውን ይሸፍነዋል። ሌላው ብርብራ ነው፤ ፍሬው ዓሣ የሚመርዝ ዛፍ። ፍሬው ተወቅጦ የሚነሰነሰው ወንዙ ሙሉ ሳለ አይደለም፤ መርዙ ይቀጥናል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውሃው ሲጎድል ነው የሚሠራው። ያኔ በትንሿ ገባር ያለው ጫጩት ሁሉ ጀርባውን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ የሚለቀመው ትልቁ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ የሚያበቃ መዝጊያ ይህን ሁሉ አይደርስበትም። አምባዛም አለ። ጎርፉ ማሳ ላይ ሲወጣ ተከትሎ ይገባል፣ ውሃው ሲሸሽ ኩሬ ውስጥ ይቀራል። ትልቁን ያዙ፣ ትንሹን ግን ኩሬው ሳይደርቅ ወደ ወንዙ ቢመልሱት ምን ይጎዳል?

አስጋሪ ከጎርጎራ በኩል፦ ይሄ ነው ነገሩ። ጠጠር ጫኙ ሳይነካ እኔ ብቻ ልከልከል?

የዓሣ ባለሙያ፦ ብርብራውም ጠጠሩም አብረው ይከልከሉ፤ ገበሬው ልክ ናቸው። ግን ጠጠሩ እስኪቆም እናቶቹን እንጨርስ አይባልም። ነጭ ዓሣ ለመራባት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ቆሮሶ ቶሎ ቶሎ ስለሚራባ የተጎዳውን ይተካል፣ ነጭ ዓሣ ግን አይችልም። ስለ ባለ ታንኳው ያነሡት ይገባኛል። እኔ የምለው ሐይቁ ሁሉ ይዘጋ አይደለም። ከወንዙ አፍ በግራም በቀኝም፣ ወደ ሐይቁም አንድ ኪሎ ሜትር፣ ወንዙ ራሱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ። ከዚያ ውጭ ባለው ዳር ዓይኑ አሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ መረብ ይፈቀድ። ዓይኑ ሲለካ መረቡ እርጥብ ሆኖ፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ተስቦ ነው፤ ደረቁን ሳይስቡ የሚለካ ሁሉ ይሳሳታል።

የዓሣ አቅራቢ፦ አንድ ኪሎ ሜትሩን ማን ያውቀዋል? ተንሳፋፊ ምልክት ብታስሩ እምቦጭ ገፍቶ ይወስደዋል። ክረምት ላይ ነፋሱና ጎርፉ እምቦጩን ሲያንቀሳቅሱት መረብ እንኳ ከነድንጋዩ ነቅሎ ይሄዳል።

የዓሣ ባለሙያ፦ ምልክቱ መሬት ላይ ይሁን። ሁለት ቀለም የተቀቡ ረጃጅም ግንዶች አንዱ ከሌላው ኋላ ይተከሉ፤ ከሐይቁ ሲታዩ ከተደራረቡ ድንበሩ ላይ ነህ ማለት ነው። የውሃው ከፍታ ከሰኔ እስከ መስከረም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚጨምር ግንዱ ወደ ደረቁ ገባ ብሎ ይተከል።

አስጋሪ ከጎርጎራ በኩል፦ ጥበቃው ቀን ከሆነ ከንቱ ነው። መረብ ማታ ይጣላል፣ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። የሚደብቅ ሰው ደግሞ ተንሳፋፊውን አውጥቶ መረቡን ታች ያሰምጠዋል፤ ከላይ ምንም አይታይም። ባለ ሦስት ጥርስ ሜንጦ በገመድ አስሮ የወንዙን አፍ ከዳር ዳር መጎተት ነው። ያንን የሚያውቀው አስጋሪ ነው፣ እሱን በአበል ቅጠሩት። በነሐሴ ሌላ ገቢ የሌለው እሱ ነውና። ይህ ካለ እኔም መዝጊያውን እደግፋለሁ፤ ከሌለ አልደግፍም።

የፎገራ ገበሬ፦ መዝጊያው ደግሞ እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ በወንዞቹ ላይ። የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከወጣ ቆይቷል። የጎደለው በብርብራው ሰሞን ገባሩ ዳር የሚቆም ሰው ነው።