ለኩላሊት እጥበት የት ይሻላል? አዲስ አበባ ላለ ሰው ትንሽ ጥቆማ

እጥበት የት ይሻላል ብላችሁ ስትጠይቁ ብዙ ሰው የሚነግራችሁ «እነ እገሌ ጋ ማሽኑ አዲስ ነው» ብሎ ነው። እኔ ማሽኑን መጨረሻ ላይ ነው የምጠይቀው። መጀመሪያ «በሳምንት ስንቴ? በአንዴ ስንት ሰዓት?» እላለሁ።

የተለመደው በሳምንት 3 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ብር ሲያጥር 2 ጊዜ የሚያደርገው ብዙ ነው። ሽንቱ ገና ደህና ለሚወጣ ሰው ሐኪሙ አይቶ ሊፈቅድ ይችላል። ሽንቱ ለቆመ ሰው ግን መዘዙ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 32 ሺህ ያህል ታካሚዎችን አይቶ ነበር። ሁሉም በሳምንት 3 ጊዜ የሚታጠቡ ናቸው። ሞቱም ሆስፒታል መግባቱም ከፍ ያለው ከረጅሙ የሳምንት መጨረሻ ክፍተት ማግስት ሆኖ ተገኘ። ያውም ክፍተቱ ለአንድ ቀን ብቻ የረዘመ ነው! ቀጠሮ ሲሰጧችሁ ቀኖቹ በሳምንቱ ውስጥ እኩል ተከፋፍለው ይሁኑ በሉ።

ዋጋን በተመለከተ፣ እንደ ዘውዲቱ፣ ምኒልክና ጳውሎስ ያሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች ከግል ይረክሳሉ፤ ወረፋው ግን ያሰለቻል። የግሉ ቶሎ ይቀበላል፣ ኪስ ያራቁታል። የአንድ ጊዜ ዋጋ ሲነግሯችሁ ፊልተሩ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን፣ የደም ማነስ መርፌውና ላብራቶሪው በዚያው ውስጥ መሆኑን አጣሩ። ለእኔ 3 ጊዜ የምችልበት ያረጀ ክፍል 2 ጊዜ ብቻ ከምችልበት ያማረ ክፍል ይሻላል።

«ሄሞዲያፊልትሬሽን አለን» (ከተለመደው እጥበት በላይ ብዙ ፈሳሽ ከደም አጣርቶ በንጹሕ ፈሳሽ የሚተካ ዘዴ ነው) የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ነገሩ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኮንቪንስ የተባለ የአውሮፓ ጥናት 1,360 ሰው ይዞ ነበር። በዚህ ዘዴ ከታጠቡት 17.3 በመቶ፣ በተለመደው ከታጠቡት ደግሞ 21.9 በመቶ ሞተዋል። ግን ዘዴው በጣም ንጹሕ ውሃ በብዛት ይፈልጋል፤ ጥናቱ ውስጥ የገቡትም ያንን ያህል ብዙ ፈሳሽ መተካት ይቻልላቸዋል የተባሉ ታካሚዎች ናቸው። 3 ጊዜውን ቀንሶ ለሱ መክፈል ግን አይዋጥልኝም።

ፊስቱላ (ለእጥበት እንዲመች ክንድ ላይ ሁለት የደም ሥሮችን በቀዶ ጥገና ማገናኘት) የሚሠራ ሐኪም የት እንዳለ ከአሁኑ ጠይቁ። አንገት ላይ የሚገባው ቱቦ፣ ካቴተር፣ ለአስቸኳይ ጥሩ ነው፤ ሲቆይ ኢንፌክሽን ያመጣል። ፊስቱላ ደግሞ እስኪደርስ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ክንዱን በጣት ስትነኩት ንዝረት ይሰማል። ንዝረቱ ከጠፋ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። በዚያ እጅ ደም ግፊት አይለካም፣ መርፌ አይወጋም፣ ከባድ ዕቃም አይንጠለጠልበትም።

ከቤተሰብ ለጋሽ ያላችሁ ደግሞ ስለ ንቅለ ተከላ ቶሎ ጠይቁ። ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2015 ጀምሮታል።

ባለፈው «ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰውስ?» ላላችሁኝ፣ በደም የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ስለሆነ ማሽኑ ለብቻው መሆን አለበት። ለብቻ ካልሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።