የአሜሪካ ፖለቲካ ፖድካስት የምትሰሙ ካላችሁ፣ ሆምላንድ ሴኩሪቲ ላይ አስረዱኝ

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንዲት አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ፖድካስት መስማት ከጀመርኩ ሰንበት ብያለሁ። ሆምላንድ ሴኩሪቲ ስለሚባለው የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤትና ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ እንግዳ እየጋበዘች ታወያያለች። ማታ አወርደውና ጠዋት ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እስክደርስ እሰማዋለሁ። ግን አንድ ሳምንት ስለ ድንበር፣ ሌላ ሳምንት ስለ ኤርፖርት ፍተሻ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ጎርፍ አደጋ ይወራል፤ ሁሉም የዚያው መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ይባላል። እንዴት ነው ነገሩ?

ሌላው የቤት ጉዳይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ በቲፒኤስ (አገራቸው ችግር ላይ ላለ ሰዎች በሚሰጥ ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ) ነው ያለው። እናቴ ከእንዲህ ዓይነት ውይይት ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ የወጣች፣ ቀይ ጽሑፍ የተለጠፈባት ቪዲዮ ጎረቤት ያሳያትና «አበሻን ሊያባርሩ ነው አሉ» ብላ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። ሙሉውን ሰምቼ ላስረዳት ብዬ ስቀመጥ የቱ ዜና፣ የቱ ግምት እንደሆነ ለእኔም ይምታታብኛል። እናንተ በምን ትለያላችሁ?

ሐይቅ ዳር፦
መሥሪያ ቤቱ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የመጣ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ፣ ሥራ የጀመረው በመጋቢት 2003 ነው። ተበታትነው የነበሩ 22 መሥሪያ ቤቶችን አንድ ጣሪያ ሥር አስገቡ። ጉምሩክና ድንበር ጥበቃው፣ አገር ውስጥ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያስፈጽመው አይስ የሚሉት፣ የኤርፖርት ፈታሹ ቲኤስኤ፣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው፣ ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው ሲክሬት ሰርቪስ፣ ጎርፍና አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሚደርሰው ፌማ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። እኛ ጋ ኢሚግሬሽኑ ለብቻ፣ የአደጋ ሥጋት ኮሚሽኑ ለብቻ ስለሆነ ነው ግር ያለህ። ኤፍቢአይ ግን እዚያ ውስጥ የለም፣ ፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶቹም እንደዚያው። ዲቪ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ነው። እንግዳው እነዚህን ሲደባልቅ ከሰማህ፣ ጋዜጠኛዋ ታርመው እንደሆነ ልብ በል። ካላረመችው እኔ ያን ፖድካስት አልሰማም።

የወረባቦ ልጅ (ቨርጂኒያ)፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ እማማን አብሽሪ በላት። እኔም እዚሁ ነኝ፤ እናቴ በየሳምንቱ ይህንኑ እየጠየቀች ታስለቅሰኛለች፣ ስለዚህ ያለችበት ጭንቀት ይገባኛል።

ቲፒኤስ በፖድካስት አይነሳም፣ በፖድካስትም አይሰጥም። ሕጉ እ.ኤ.አ. የ1990 ነው። ለኢትዮጵያውያን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ነው፣ የወሰነውም ይኸው ሆምላንድ ሴኩሪቲ ነው፤ በታኅሣሥ 2025 ደግሞ እንዲቋረጥ ወስኗል። በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ይሰጣል። ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ 60 ቀን ቀደም ብሎ ሚኒስትሩ የአገሩን ሁኔታ አይቶ መወሰን አለበት፤ ውሳኔውም ፌዴራል ሬጂስተር በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ይታተማል። እንደ ነጋሪት ጋዜጣ ቁጠረው። ሲሰረዝም በማግስቱ አይደለም የሚጸናው፣ ሕጉ ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያም ሰዎች ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፣ ዳኛም ሊያግደው ይችላል። ስለዚህ አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ማይክ ፊት ተቀምጦ «ሊሰረዝ ይችላል» ሲል አስተያየቱን እየሰጠ ነው። የተናገረበትን ቀን እይ፣ ከዚያ ሬጂስተሩ ላይ የወጣውን ቀን እይ። ቲክቶክ ላይ የምትዞረዋ ቁራጭ የዓመት በፊት ወሬ ሆና ስንቴ አግኝቻታለሁ!

ሌላ፣ «መንግሥት ተዘጋ» ሲሉ የወንድምህ ፋይል የቆመ እንዳይመስላችሁ። የኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚያየው ክፍል በአብዛኛው የሚተዳደረው እኛ በምንከፍለው ክፍያ ስለሆነ በጀት ባይጸድቅም ሥራው ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ ለ35 ቀን ሲዘጋ ከተጎዱት መካከል ያለ ደሞዝ ሲሠሩ የነበሩት የኤርፖርት ፈታሾች ነበሩ። ወንድምህ ግን ጠበቃ ያናግር፣ በእኔም በማንም ወሬ አይወስን።

ከኮምቦልቻ፦
ሁለቱም ጥሩ ብለዋል፣ እኔ ስለ ፖለቲካው ልጨምር። እዚያ አገር ደኅንነት ማለት የምርጫ አጀንዳ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 ላይ የተወካዮች ምክር ቤቱ የወቅቱን ሚኒስትር አሌሃንድሮ ማዮርካስን በ214 ለ213 ድምፅ ከሰሳቸው። በአንድ ድምፅ! ሚያዝያ ላይ ሴኔቱ ክሱን ውድቅ አደረገው፣ ሰውየውም ሥራቸውን ቀጠሉ። ያኔ ፖድካስቶቹን የሰማ ሰው ግማሹ አገር የፈረሰ መስሎት ነበር። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፤ ጋዜጠኛዋ «ሰነዱን አይቻለሁ፣ እገሌን ጠይቄዋለሁ» ካለች ዜና ነው። «ዋሽንግተን ውስጥ የሚወራው» ካለች ወሬ ነው፣ ሻይ ቤት የሚወራውም ያው ነው።

ይህን በቁም ነገር የምለው ወሬ እኛን ምን እንዳደረገን ስላየሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ኔትወርክ ጠፍቶ ሰው በሰማው ሁሉ ልጁን አዝሎ ሲወጣና ሲመለስ ነበር። እነሱ ጋ አንዲት ጋዜጠኛ የደኅንነት ሹሙን ፊት ለፊት አስቀምጣ «በጀቱ የት ገባ» ብላ ትጠይቃለች። በእኛም ቋንቋ እንዲህ ተረጋግቶ የሚጠይቅ፣ የማያሟሙቅ ሰው ቢበዛልን እመኛለሁ።

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦
አላህ ይስጣችሁ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። የወረባቦው ልጅ፣ ሬጂስተሩ ላይ የኢትዮጵያን እንዴት እንደምፈልግ በውስጥ መስመር ላክልኝ እስቲ። ዛሬ ማታ ለወንድሜ ደውዬ ስለ ጠበቃው እናቴ ባለችበት እናወራለን።