የማሽን ድምፅ ለልጆች ተረት ያንብብ?

አወያይ፦ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች በምናዘጋጀው የቪዲዮ ዝርዝር ውስጥ በማሽን ድምፅ (ኮምፒውተር በሚፈጥረው ድምፅ) የተነበቡ የአማርኛ ተረት ቪዲዮዎች ይግቡ ወይስ ይቅሩ?

የቋንቋ አርታኢ፦ ይቅሩ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ጅቡ ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ጅቡ በላተኛ ነው፤ ሲጠብቅ ግን የሚበላው ራሱ ጅቡ ነው። አዋቂ ከዐውዱ ይለየዋል፣ ማሽኑ ይገምታል። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» እንደሚባለው? «ዋና»ስ? ልጅ የሰማውን ይዞ ነው የሚያድገው።

ቪዲዮ አቀናባሪ፦ ይታረማል እኮ! አሻሚ ቃላቱን አስቀድሞ ማስመር፣ «ጅቡ ይበላል» የሚለውን «ጅቡን ይበሉታል» ማለት፣ እምቢ ያለውን መስመር በሰው ድምፅ መቅዳት። በሰው የተነበበውስ መቼ ደህና ሆነ? ስልኩ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ባዶው ክፍል እያስተጋባ፣ ክራሩ አንባቢውን ውጦት። ድምፁ ለብቻው ይቀዳ፤ ስልኩ ከአፍ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» ይፈነዳሉ። መጋረጃና ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል ይመረጥ። የመጽሐፉ ገጽ ሲቀረጽ ደግሞ መብራቱ ከጎን ይምጣ፤ አለበለዚያ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ፊደሉን ይሸፍነዋል።

የኬጂ መምህርት፦ ሁለታችሁም ዋናውን (የጠበቀውን ማለቴ ነው) ዘለላችሁት። «ተረት ተረት» ከተባለ «የላም በረት» የሚል መላሽ አለ። አብዛኛው ቪዲዮ፣ የሰውም የማሽኑም፣ ለመላሹ ጊዜ አይሰጥም። ከጥያቄ በኋላ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ይባል፤ አቀናባሪዎች ይህን ዝምታ እንደ ስሕተት ቆጥረው ይቆርጡታል። በስክሪኑ ላይ ያለው እንስሳ እየዘለለ ከሆነ ደግሞ ፊደሉን የሚያይ ልጅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 እ.ኤ.አ. መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከስክሪን ፊት መቀመጥ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይላል። ያቺ ሰዓት በጥድፊያ ንባብ ትለቅ?

የውጭ አገር ቋንቋ ትምህርት አስተባባሪ፦ ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም አማርኛ እየተናገረ ፊደል የማያነብ ወላጅ አለ። እሱ አጠገብ ተቀምጦ ቪዲዮውን እያቆመ «ቀጥሎ ምን ይመስልሃል?» ማለት ይችላል። መጥበቅ መላላቱንም ጆሮው ይይዘዋል፤ ስለዚህ የታረመ የማሽን ንባብ ለዚያ ቤት ይበቃል።

የቋንቋ አርታኢ፦ እሺ፣ አዋቂ አብሮ ካለ። ብቻውን ለሚያይ ልጅ ግን አልስማማም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ ማንም ያንብበው፣ ፈቃዱስ? በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሌላውን መጽሐፍ አንብቦ ለሕዝብ መልቀቅ የባለመብቱን ስምምነት ይጠይቃል። አፍሪካን ስቶሪቡክ በሚባለው የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በክፍት ፈቃድ (ባለመብቱ አስቀድሞ ሌሎች እንዲጠቀሙበት በፈቀደበት ሁኔታ) የተለቀቁ የአማርኛ መጻሕፍት አሉ፤ ሆኖም ለንግድ መጠቀምን የሚከለክል ፈቃድ ያለበትን መጽሐፍ ማስታወቂያ በሚወጣበት ቻናል ላይ አትልቀቁ።

ቪዲዮ አቀናባሪ፦ ይህንንስ ማን ያየዋል!


የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ ባለመብቱ።