አባቷ ከተወረሰው ቤት ፋይል ጋር አስሯታል፤ ከየት እንጀምር?

የእናቷ_እህት፦
ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፣ አሥረኛ ክፍል። አባቷ በ1967 የተወረሰውን የአያቷን ቤት ካላስመለስኩ ብሎ ዕድሜውን ጨረሰ። እሷም ከትምህርት ቤት ስትገባ ሥራዋ ማመልከቻ መገልበጥና ደረሰኝ መደርደር ነው። ጓደኛ ጋ መሄድ የለም፣ ስልኳም እሱ ጋ ነው። አሁን ደግሞ «ሕግ ተምረሽ ታስመልሽዋለሽ» እያለ ማኅበራዊ ሳይንስ ምረጪ ይላታል። ልቧ ያለው ተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ነው።

ፋይል_ክፍል፦
መጀመሪያ ፋይሉ ነፍስ እንዳለው እዩ። አዋጅ 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ትቶ ትርፉን ነው የወረሰው። አዋጅ 110/1987 ደግሞ እንዲመረመር የፈቀደው ከአዋጁ ውጭ የተወሰደውን ብቻ ነው። አያትየው ያኔ ስንት ቤት ነበራቸው? ሌላ መኖሪያ ከተተወላቸው ይሄኛው ትርፍ ነው፤ መቶ ማመልከቻ ቢጻፍ መልሱ ያው ነው። ብቸኛ መኖሪያቸው ከነበረ ክርክር አለው፣ እሱም የጠበቃ ሥራ እንጂ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አይደለም። ማስረጃው የት እንዳለ ካላወቃችሁ የያኔውን ኪራይ እዩ፦ በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች ነው የሄደው።

መምህር_አማካሪ፦
ልክ ነው፤ ግን «ቤቱ አይመለስም» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ንዴቱን ልጅቷ ላይ ነው የሚወጣው። ጥያቄውን አጥብቡት፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጥናት፣ ፋይል ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ብቻ። ይህን የምትነግረው እሷ አትሁን፤ ታላቅ ወንድሙ ወይም የንስሐ አባቱ ይንገሩት። አራት ሽማግሌ ከላካችሁ የተከሰሰ ይመስለዋል፣ አንድ ሰው ይበቃል።

መገልበጡን ደግሞ እንዲህ አስቀሩላት፦ ሰነዶቹን መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ አንድ ጊዜ በስልክ አንስታችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ዋናው ወረቀት በተዘረጋና በታጠፈ ቁጥር እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል፤ ማኅተሙ እዚያ ላይ ካረፈ ደግሞ አብሮ ይሄዳል። «ለሰነዱ ደኅንነት ነው» ካላችሁት እሱም ደስ ይለዋል።

የትምህርት ምርጫው ቅጽ ከመሞላቱ በፊት እናቷ ስም ጠሪ መምህሩን አግኝታ የሒሳብና የፊዚክስ ውጤቷን ትያዝ።

ሰበር_ሰሚ፦
እናትየው እኮ ተረስታለች! በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ 213/1992) አሳዳሪና ሞግዚት ሁለቱም ወላጆች በጋራ ናቸው፤ እሱ ብቻውን አይወስንም። ሽምግልናው ለክርክር ይሁን። ከደበደባት፣ በር ከቆለፈባት ወይም ከትምህርት ካስቀራት ግን ማንንም ሳትጠብቁ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ።

የእናቷ_እህት፦
ወረቀቱ ላይ «ትርፍ ቤት» ይላል። ታላቅ ወንድሙን አናግራለሁ። የስልኳንስ ጉዳይ አብሬ ላንሳ?

መምህር_አማካሪ፦
አሁን አታንሺው። መጀመሪያ የጥናት ሰዓቷ ይጽና፣ ስልኩ በሚቀጥለው ዙር ይመጣል።