ከ«ዘ ሃውስሜድ» በኋላ ምን እናንብብ? ከሴቶች ሕይወት እስከ ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ

ጥያቄ፦ የንባብ ክበብ አስተባባሪ፣ ከአዲስ አበባ

ለተከበራችሁ አንባቢያን፣

በወር አንድ ጊዜ እየተገናኘን በአንድ ልብ ወለድ ላይ የምንወያይ ሴቶች ነን። አብዛኞቻችን ነርሶችና አዋላጆች ስንሆን መምህራንም በመካከላችን አሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የቅርብ ጊዜ ታዋቂ ልብ ወለዶችን እያነበብን ቆይተናል፤ ነገር ግን የፍሪዳ ማክፋደንን «ዘ ሃውስሜድ» እና የአሌክስ ማይክሊዲስን «ዘ ሳይለንት ፔሸንት» ከጨረስን ወዲህ በምርጫ ረገድ መስማማት አቅቶናል። ሁለቱንም መጻሕፍት እንቅልፍ አጥተን ነው ያነበብናቸው፤ ሆኖም ለውይይት ስንቀመጥ «እኔ ጠርጥሬ ነበር»፣ «እኔ ፈጽሞ አልጠረጠርኩም» ከተባባልን በኋላ የምንነጋገረው አጣን። የጌይል ሃኒማንን «ኤሌኖር ኦሊፋንት ኢዝ ኮምፕሊትሊ ፋይን» ባነበብንበት ወር ግን፣ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ከማንም ጋር ቃል ሳትለዋወጥ የምትከርም የግላስጎው ሴት ታሪክ በረካው ከተጠጣ በኋላ እንኳ ከመቀመጫችን አላስነሣንም።

አሁን ግማሾቻችን ልብ አንጠልጣይ ይቀጥል ሲሉ፣ ግማሾቻችን ደግሞ ስለ ትዳር፣ ስለ እናትነትና ስለ እህትማማችነት የሚተርክ መጽሐፍ እንፈልጋለን ይላሉ። ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ፣ እንግሊዝኛው እጅግ ያልከበደ፣ ከተቻለም በአማርኛ የተጻፈ የምትጠቁሙን ካለ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መጨረሻውን ግን እባካችሁ አትንገሩን።

መልስ 1፦ የረጅም ጊዜ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ እህቴ፣ የክበብዎ አባላት የተለያዩበት ነገር ከሩቅ እንደሚመስለው የሰፋ አይደለም። ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በእንግሊዝኛው ዓለም ገበያውን የመራው ልብ አንጠልጣይ፣ ከሰላይና ከመርማሪ ፖሊስ ይልቅ የባልና ሚስትን መኝታ ቤት የመረጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የጊሊያን ፍሊን «ጎን ገርል» የሚጀምረው አንዲት ሚስት በአምስተኛው የጋብቻ በዓሏ ዕለት ከቤት በመጥፋቷ ሲሆን፣ ባል በአንድ ምዕራፍ፣ የሚስት ማስታወሻ ደብተር በሌላው ምዕራፍ እየተፈራረቁ ስለ አንድ ትዳር ሁለት የማይገጣጠሙ ታሪኮችን ይነግሩናል። አንባቢ ማንን ማመን እንዳለበት ግራ ሲገባው የሚፈተነው ስለ ትዳር ያለው የራሱ ግምት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ልብ አንጠልጣይ ነው ወይስ የትዳር ልብ ወለድ ብሎ መከራከር ብዙ አያራምድም።

እኔ ለውይይት የሚሆን መጽሐፍ የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ ምስጢሩን ካወቅሁ በኋላ እንደገና ላነበው እፈልጋለሁ ወይ? በዚህ መለኪያ የአውስትራሊያዊቷን የሊያን ሞሪያርቲን «ቢግ ሊትል ላይስ»፣ እ.ኤ.አ. 2014፣ ያለ ማመንታት አስቀድማለሁ። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ዝግጅት ምሽት አንድ ሰው ይሞታል፤ ማን እንደ ሞተ እንኳ እስከ መጨረሻው አይነገረንም። ይሁን እንጂ መጽሐፉን የሚሸከመው ሟቹን የማወቅ ጉጉት ሳይሆን ሴለስት የተባለችው ገጸ ባሕርይ ናት። ውብ፣ ባለጸጋ፣ የመንታ ልጆች እናት፣ ከዚያም በላይ የሕግ ባለሙያ የነበረች ሴት፣ ባሏ እየደበደባት ለምን እንደማትሄድ ለራሷ የምታቀርባቸው ምክንያቶች እያንዳንዳቸው በጆሮ የምናውቃቸው ናቸው፦ ለልጆቹ ጥሩ አባት ነው፣ እኔም እመታዋለሁ፣ ሌላው ጊዜ ሁሉ መልካም ነው። ከመካከላችሁ የተደበደበች ሴት ቁስል አጥባ «በር መትቶኝ ነው» የሚል መልስ የሰማች ነርስ ካለች፣ ስለ ሴለስት ብዙ የምትለው ይኖራታል።

ሁለተኛው ምርጫዬ የናይጄሪያዊቷ የኦይንካን ብሬይትዌይት «ማይ ሲስተር፣ ዘ ሲሪያል ኪለር» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት በረጅሙ የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ የገባ፣ ምዕራፎቹ እጅግ አጫጭር የሆኑና ቋንቋውም የማይከብድ ሥራ ነው። ተራኪዋ ኮሬዴ በሌጎስ የምትሠራ ነርስ ናት። ታናሽ እህቷ አዮላ ፍቅረኛዋን ገድላ ስትደውልላት፣ ኮሬዴ በበረኪና ደም የምታጸዳበትን ጥንቃቄ ደራሲዋ አንድ በአንድ ታሳየናለች። ገዳይዋ ማን እንደሆነች ከመጀመሪያው ገጽ ስለምናውቅ፣ የሚያንጠለጥለን ጥያቄ ሌላ ነው፦ ታላቅ እህት ለታናሿ ያለባት ግዴታ የት ላይ ያበቃል? ኮሬዴ ምስጢሯን ሁሉ የምትነግረው ራሱን ስቶ ለተኛ አንድ ታካሚ ነው፤ በሙያችሁ ምክንያት ይህን ክፍል ከሌላው አንባቢ ይልቅ እናንተ እንደምትቀርቡት አምናለሁ።

ሦስተኛው የአዮባሚ አዴባዮ «ስቴይ ዊዝ ሚ»፣ እ.ኤ.አ. 2017፣ ነው። ወንጀል ፍለጋ የለበትም፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ልብ አንጠልጣይ ትንፋሽ ያሳጥራል። የጂዴ የፀጉር ቤት ያላት፣ የተማረች ሴት ናት፤ አግብታ ልጅ ባለመውለዷ የባሏ ዘመዶች አንድ ቀን ሁለተኛ ሚስት ይዘው ሳሎኗ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነቢይ ነኝ ባይ ባዘዛት መሠረት ነጭ ፍየል እየጎተተች ተራራ የምትወጣበትና ፍየሏን እንደ ልጅ ታቅፋ እንድታጠባት የሚደረግበት ምዕራፍ አለ። ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ዘመድ ሁሉ ሆዷን እያየ የሚያፈጥባት ሴት ምን ያህል ልትሄድ እንደምትችል ዳግመኛ ማብራሪያ አይፈልግም። ባልየውም በየተራው ይተርካል፤ እሱ የደበቀው ነገር ሲገለጥ ደግሞ የቀደሙትን ምዕራፎች ተመልሶ ማንበብ ግድ ይሆናል።

መልስ 2፦ በአእምሮ ሕክምና ዘርፍ የምሠራ፣ ከአዲስ አበባ

ከላይ በተሰጠው ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ዘ ሳይለንት ፔሸንት» ከመደነቅ በቀር የሚያወያይ የለውም በሚለው የጠያቂዋ ሐሳብ አልስማማም። ሠዓሊዋ አሊሺያ ባሏን በጥይት ከገደለች በኋላ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ የተወችው ብቸኛ ምላሽ ራሷን የሣለችበትና «አልሴስቲስ» ብላ የሰየመችው ሥዕል ነው። አልሴስቲስ በግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት በዩሪፒዲስ ጥንታዊ ተውኔት ውስጥ ባሏ እንዲኖር ስትል ለመሞት የፈቀደች፣ ከሞት ስትመለስም ዝም ያለች ሚስት ናት። ክበባችሁ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ብቻ ከቆመ ይህ ጥያቄ አምልጧችኋል ማለት ነው፦ አሳልፎ የሰጠውን ባል መልሶ ያገኘ ሰው ምን ሊናገር ይችላል? የተውኔቱን ታሪክ አስቀድማችሁ አንብባችሁ በመጽሐፉ ላይ አንድ ጊዜ እንድትመለሱበት እመክራለሁ።

በሌላ በኩል አንድ ብርቱ ሥጋት አለኝ። በርካታ ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣዮች የአእምሮ ሕመምን ለምስጢር መደበቂያ ያደርጉታል፤ ታማሚው አደገኛ ሆኖ ይሣላል፣ መድኃኒቱና ሆስፒታሉም ማስፈራሪያ ይሆናሉ። በእኛ አገር ታማሚን ወደ ሕክምና ለማምጣት ቤተሰብን ለረጅም ጊዜ ማግባባት በሚያስፈልግበት ሁኔታ፣ እንዲህ ያለው ሥዕል ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሕመሙን ከወንጀሉ ለይቶ በጥንቃቄ የያዘ መጽሐፍ ስትመርጡ ደስ ይለኛል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ የፓውላ ሃውኪንስ «ዘ ገርል ኦን ዘ ትሬይን»፣ እ.ኤ.አ. 2015፣ ነው። ሬቸል በመጠጥ ምክንያት ሥራዋን ካጣች በኋላ እንኳ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ እንዳታውቅባት በየማለዳው በባቡር ወደ ለንደን ትመላለሳለች። አንዲት ሴት በጠፋችበት ሌሊት የት እንደነበረች ማስታወስ ያቅታታል። ከመጠን በላይ መጠጣት አንጎል የሆነውን ነገር መዝግቦ እንዳያስቀምጥ እንደሚያደርግ እናንተም በሙያችሁ ታውቃላችሁ፤ ደራሲዋ ይህን የማስታወስ ክፍተት የታሪኩ ሁሉ ማጠንጠኛ አድርጋዋለች። ከዚህም የሚብሰው፣ ራሷን የማታምን ሴት ሌላ ሰው ስለ እሷ የሚነግራትን ሁሉ እንደ እውነት የምትቀበል መሆኗ ነው። ይህ ነጥብ ብቻውን አንድ ሙሉ ስብሰባ ይፈጃል።

በአማርኛ ለጠየቁት፣ ሁለቱም የአእምሮ ሐኪም የሆኑ ሁለት ደራሲያን አሉን፦ የዶክተር ምሕረት ደበበ «የተቆለፈበት ቁልፍ» እና የዶክተር ዳዊት ወንድማገኝ «አለመኖር»። በእንግሊዝኛው ልብ አንጠልጣይ ፍጥነት እንዲሄዱላችሁ አትጠብቁ፤ አእምሮን በሙያው የሚያውቅ ሰው በራሳችን ቋንቋ ሲጽፍ ግን ሌላ ዓይነት እርካታ ይሰጣል።

መልስ 3፦ ከዐረብ አገር የተመለስኩ አንባቢ

ስለ «ዘ ሃውስሜድ» የተጠየቀውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት ለዓመታት በሰው ቤት ሠርቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሚሊ የተባለችው ሠራተኛ በጣሪያው ሥር የተሰጣትን ጠባብ ክፍል ስታይ፣ በሩ የሚቆለፈው ከውጭ በኩል መሆኑን ታስተውላለች። ለብዙው አንባቢ ይህ የሚያስፈራ ምልክት ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ በር አውቃለሁ። እኔ በሠራሁበት ቤት የውጭው በር ይቆለፍብኝ ነበር፣ ፓስፖርቴም የተቀመጠው በአሠሪዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ክበባችሁ የሚወያይበት ያጣው መጽሐፉ ባዶ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ማንም ሰው ስለ ሠራተኛዋ ስላልጠየቀ ይመስለኛል። ምናልባት ከእናንተ በብዙዎቹ ቤት ሠራተኛ አለች። እሷ የምትተኛበት ክፍል በር ከውስጥ ይቆለፋል ወይ ብሎ መጠየቅ አንዱ የውይይት መነሻ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ የአቢ ዳሬን «ዘ ገርል ዊዝ ዘ ላውዲንግ ቮይስ»፣ እ.ኤ.አ. 2020፣ አንብቡ። የአሥራ አራት ዓመቷ አዱኒ እናቷ ከሞተች በኋላ አባቷ ለኪራይ ገንዘብ ሲል ለአንድ ሽማግሌ ይድራታል፤ ከዚያ ሸሽታ በሌጎስ በአንዲት ሀብታም ሴት ቤት ሠራተኛ ትሆናለች። ደመወዟን አንድ ጊዜ እንኳ በእጇ አትይዝም፤ ያመጣት ደላላ ነው የሚወስደው። ከእሷ በፊት በዚያ ቤት የነበረችው ሬቤካ የት እንደገባች የሚናገር የለም፤ ልብ አንጠልጣይ የሚፈልጉት አባሎቻችሁ በዚህ ፍለጋ ይረካሉ፣ የሴቶችን ሕይወት የሚፈልጉትም አዱኒን ይወዷታል። እንግሊዝኛው ሆን ተብሎ የተሰባበረ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያደናቅፋል፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል፣ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ትምህርት ቤት መግባት የምትናፍቅ የገጠር ልጅ ከተማ ስትደርስ ምን እንደሚጠብቃት እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

በመጨረሻም የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» አትዝለሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣና በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነ ነው። ሁሉም ሰው ስለ ጣልያን ወረራና ስለ ሴት አርበኞች የተጻፈ መሆኑን ይናገራል፤ እውነት ነው፣ ደራሲዋም ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ይዛ መዝመቷን ገልጻለች። እኔን የያዘኝ ግን መነሻው ነው። ሂሩት ወላጆቿን ያጣች፣ በባላባት ቤት የምታገለግል ልጅ ናት፤ ከአባቷ የቀረላትን ውጅግራ ጠመንጃ ጌታዋ ይወስድባታል፣ እመቤቷም በሌብነት ትወነጅላታለች። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ፍርሃት ከማንኛውም ልብ አንጠልጣይ አያንስም። አረፍተ ነገሮቹ ከበድ ይላሉ፤ ሁለት ወር ስጡት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ሦስተኛውን መልስ ለአባሎቻችን ባነበብኩላቸው ጊዜ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የተነሣው ውይይት «ዘ ሃውስሜድ»ን ባነበብንበት ወር ካደረግነው ሁሉ የበለጠ ነበር። በሚቀጥለው ወር በአዱኒ እንጀምራለን፤ ከዚያ የኮሬዴንና የየጂዴን ታሪክ አከታትለን እናነባለን። «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን ለክረምቱ ይዘነዋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከአባሎቻችን መካከል በቅርቡ ጽንስ የጨነገፈባት እህት ስላለች፣ «ስቴይ ዊዝ ሚ» ለእሷ ይከብዳት ይሆን?

መልስ 1፣ በድጋሚ

ይከብዳታል። መጽሐፉ መውለድ ስላለመቻል ብቻ ሳይሆን ልጅ ስለ ማጣትም ነው፤ ይህን መናገሬ መጨረሻውን እንደ መንገር እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። አስቀድመው ለብቻዋ ነግረዋት ምርጫውን ለእሷ ይተዉላት፤ ካልፈለገች በዚያ ወር «ቢግ ሊትል ላይስ»ን በምትኩ አንብቡ፣ የየጂዴ ታሪክ ደግሞ እሷ ራሷ ስትጠይቅ ይደርሳል።